ስለ ክትባት አጠባበቅና አወጋገድ

ከዳምቦያ ገጠር ሕፃንዋን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣ እናት ብልቃጡን መርምራ ደኅናውን ከብልሹው ለመለየት ስለማይቻላት፣ ተስፋዋ ሁሉ በመድኃኒት ጠባቂው ሕሊና ላይ የተጣለ ነው። የተበላሸ ምግብ ሽታው ያስታውቃል፤ የተበላሸ ክትባት ግን ብዙ ጊዜ መልኩ ሳይለወጥ ተወግቶ፣ በካርዱም ላይ ተመዝግቦ፣ ከንቱነቱ የሚገለጠው ደዌው ወደ ቀበሌው በገባ ጊዜ ነው።

ፈንጣጣ በ1968 ዓ.ም. ከአገራችን ሲጠፋ፣ ክትባቱ ደርቆ የተዘጋጀና ሙቀትን የሚታገሥ ነበርና በእግርም በበቅሎም ሩቅ አገር ይደርስ ነበር። የዛሬዎቹ የሕፃናት ክትባቶች ግን በጤና ጣቢያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለባቸው። ከስሕተቶች ሁሉ የከፋውም፣ ብርዱ በበረታ መጠን መድኃኒቱ ይበልጥ ይጠበቃል ብሎ ማሰብ ነው። ፔንታቫለንትና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አንድ ጊዜ በረዶ ከሠሩ፣ በረዶው ቢቀልጥም ኃይላቸው አይመለስም። ስለዚህ ከበረዶ ቤት የወጣ አይስ ፓክ፣ ሲነቀንቁት ውሃው በውስጡ ሲንቀሳቀስ እስኪሰማ ድረስ፣ ከክትባቱ ሳጥን አይግባ።

በብልቃጡ ላይ ያለችው ትንሽ አራት ማዕዘን፣ ቀለሟ ከከበባት ክብ ጋር ከተካከለ ወይም ከጠቆረ፣ ያ ክትባት ለሰው አይሰጥም። ይህች ምልክት ግን የሙቀትን እንጂ የበረዶን ጉዳት አታሳይምና፣ የክትባቱን ፍሪጅ ቴርሞሜትር ጠዋትና ማታ አንብባችሁ መዝግቡ፤ ሰው ሁሉ ለመሳላ በዓል ወደ ዘመዶቹ በሚሄድበት ቀን እንኳ ተረኛ አይታጣ። ምሳና ለስላሳም በዚያ ፍሪጅ አይቀመጡ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ይባክናልና።

የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ቢያሳዝንም ይወገድ። ጊዜው ያለፈበት ብልቃጥ ከደኅናው ተለይቶ፣ ምልክት ተደርጎበትና ተመዝግቦ በሥርዓት ይወገድ እንጂ ሕፃናት በሚጫወቱበት ቆሻሻ መጣያ አይጣል። የተወጋበትን መርፌ ክዳኑን ሳትመልሱ ወዲያው ወደ ሴፍቲ ቦክስ ክተቱ፤ ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ።

የጤና ኃላፊዎች ሆይ፣ ባለሙያ የተበላሸውን ሸሽጎ ለሕፃን እንዲወጋ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን የተግሣጽ ፍርሃት ነውና፣ ብልሽቱን በእውነት መዝግቦ የሚያቀርብላችሁን ሰው አታሳፍሩት፤ በምትኩ ሌላ ክትባት ፈጥናችሁ ላኩለት።