«ሌባ!» እና «በሕግ አምላክ!»

አንድ ቀን ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ወደ መርካቶ ስሄድ «ሌባ! ያዘው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ልጁ ሲሮጥ ሰው ከበበው። አንባቢ ሆይ፣ ልደብቅህ አልፈልግም፤ እኔም መታሁት። ምን እንደ ሰረቀ፣ ከማን እንደ ሰረቀ አልጠየቅሁም። እስከ ዛሬም አላውቅም።

ደግሜ እጄን ሳነሳ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት «በሕግ አምላክ! ልጄ፣ ምን አድርጎህ ነው?» አሉኝ። እጄ እንደ ተነሳ ቀረ።

ማታ ዶርም ገብቼ ምክንያት ስደረድር አመሸሁ፤ ሌባ የድሃ ላብ ይበላል፣ ፖሊስ እንደሆነ አይደርስም፣ ምናምን። ጆናታን ሃይት የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ የሥነ ምግባር ፍርዳችን አብዛኛውን ጊዜ ከስሜት ይፈልቃል፣ ምክንያት ከኋላ እንደ ጠበቃ ይመጣል ይላል። እኔ ጠበቃዬን ያን ማታ በጆሮዬ ሰማሁት።

ነገሩ በኪስ ሌባ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍሁም። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶች ሰባበረ። ቀይ ሽብር ሲፋፋም «አናርኪስት» የሚለው ቃል ልክ እንደ «ሌባ» ሆነ፤ ማን ነው፣ ምን አደረገ የሚል ጠፋ። የወጣቶች ሬሳ መንገድ ላይ ተጣለ፤ ለብዙ ቤተሰብ ለቅሶ እንኳ ተከለከለ። ይህን ክልከላ ተራ ጭካኔ ነው ብዬ አላልፈውም። አልቃሽ የሟቹን ስም ይጠራል እኮ፤ ስም ከተጠራ ደግሞ «አናርኪስት» የተባለው የእገሌ ልጅ ይሆናል።

ይህን ሳነብለት አንድ የክፍል ጓደኛዬ ተቆጣ። «ታዲያ ቁጣ ይጥፋ ነው የምትለው? በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ‹መሬት ላራሹ› ብለው የወጡት ሳይናደዱ ነው እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምን ልበለው? ስለ ሌላው ጭሰኛ የተቆጡ ተማሪዎች ባይኖሩ በደሉን በአደባባይ በደል የሚለው በዘገየ ነበር።

ግን እኚያ እናትም ያቆሙኝ በክርክር አይደለም። ያቆመኝ ኀፍረት ነው፤ ይሉኝታ እንበለው፣ እኛ ተማሪዎች ኋላ ቀር እያልን የምናጣጥለው። ቁጣዬን የገታው ሌላ ስሜት ነው እንጂ ፍልስፍና አይደለም። ይሉኝታ ደግሞ የሚሠራው «ተው» የሚል አፍ ካለ ነው። ድሮ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ካለበት ንቅንቅ አይልም ነበር። በ1969 ግን የሚገድለው ራሱ ሕግ ነኝ ባይ ነበርና በማን ስም ይቁም?

ጓደኛዬ አሁንም አልተስማማም። እኔ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር እኚያን እናት በዓይኔ እፈልጋለሁ። ልጁን ባገኘው ግን መልኩን የማውቀው አይመስለኝም።