ሕፃናትን በጅብ ማስፈራራት ይገባልን?



በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ በአትላንታና በአካባቢዋ በየቤቱ ደጃፍ የሰው ዐፅም ምስል ይሰቀላል፤ በሣሩ ላይ የመቃብር ድንጋይ መሳይ ይተከላል፤ የጠንቋይና የጭራቅ ልብስ የለበሱ ልጆችም ከረሜላ ለመለመን ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ሃሎዊን የሚባለው ይህ ምሽት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ስለሚውል፣ በእኛ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት 21፣ ማለትም ከእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ጋር ይገጥማል። በዚህም ምክንያት ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ በወላጆች መካከል አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም፤ ነፍስ ያላወቀ ሕፃን አስፈሪ ነገር ማየትና መስማት ይገባዋልን? አንዱ «ያስደነግጠዋል፤ ለነፍሱም አይበጀውም» ይላል። ሌላው «እኛስ በጅብና በጭራቅ ተረት አላደግንምን? ምን ሆንን?» ብሎ ይመልሳል። እኔ በዚህ ጉዳይ ጥቂት ለማለት የተነሣሁት ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ለማካፈል ብቻ ሳይሆን፣ ራሴ የፈጸምሁትን ጥፋት ለመናዘዝም ጭምር ነው።

የልጄ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ የሌሊት ሥራ በገባችበት ሰሞን ሕፃኗን የማስተኛት ተራ የእኔ ሆነ። አንድ ምሽት እንቅልፍ እምቢ ብላ ሦስት ጊዜ ከአልጋዋ ወረደች። እኔም ደክሞኝ ስለ ነበር እናቴ ትለኝ የነበረው ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤ «ተኚ፤ ካልተኛሽ ጅብ መጥቶ ይበላሻል» አልኋት። ወዲያው ዝም አለች። ዘዴዬ የሠመረ መስሎኝ መብራቱን አጥፍቼ፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን ልጅቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻዋን አልተኛችም። መጀመሪያ ጅቡ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው አለች፤ ቀጥሎ ከአልጋው ሥር ነው አለች፤ በመጨረሻም በመኪናው የኋላ መቀመጫ አብሯት መሄድ ጀመረ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላል የአገራችን ሰው። እኔ ያመጣሁት ጅብ ግን አንጥፉልኝ እንኳ ሳይል በሕፃን መኝታ ቤት ቁርበት ተነጠፈለት።

ልጄ ነገሩን ስትሰማ አልተቈጣችም፤ ብትቈጣ ይሻለኝ ነበር። «አባባ፣ ጅብ በዚህ አገር የለም ብላት እርስዎን ውሸታም ማድረጌ ነው፤ አለ ብላት ደግሞ እንቅልፍ የላትም። የቱን ልበላት?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ዓመት ወንበር ዘርግቼ ያስተማርሁ ሰው ለዚህች ጥያቄ መልስ አጣሁ።

እርግጥ ነው፣ ለእኛ ትውልድ ጅብ የሐሳብ ፍጡር አልነበረም። በዘጠኝ ዓመቴ ከቤተሰቤ ተለይቼ በጎጃም የቆሎ ተማሪ ሳለሁ፣ በምናድርበት ጎጆ ዙሪያ ሌሊት ጩኸቱን እንሰማ፣ ጠዋት ዳናውን እናይ ነበር። በዚያ አገር እናት ለልጇ «ከመሸ አትውጣ፤ ጅብ ይበላሃል» ብትል እውነት መናገሯ ነው። የዚህ አገር እናት «ሳታይ መንገድ አትሻገር፤ መኪና ይገጭሃል» እንደምትለው ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። ልጁ ከደጅ ከገባና በሩ ከተዘጋ በኋላ አደጋው ውጭ ይቀራል።

ከዚህም ሌላ የተረት ጅብ ነበረን። በእሳት ዳር ተቀምጠን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የምንቀበለው፣ ሆዳም፣ ሞኝ፣ በጦጣና በቀበሮ ዘወትር የሚታለለው አያ ጅቦ ነው። ሌሊት የምንፈራውን አውሬ ማታ እንደ ታላቅ ወንድም «አያ» ብለን እየጠራን እንስቅበት ነበር። ተረቱም ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ ይዘጋል። እንግዲህ ተረት መግቢያም መውጫም በር አለው፤ ልጁ ወደ አስፈሪው አገር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ሲወጣም የሚያገኘው ዳቦ ነው። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የከተማውን ልጅ ሰብስበው ያስተማሩት በዚሁ ሥርዓት ነበር።

እኔ ለልጅ ልጄ የነገርኋት ጅብ ግን ከሁለቱም አልነበረም። በጆርጂያ ዱር ጅብ ስለሌለ ማስጠንቀቂያ ሊሆን አይችልም፤ መጨረሻ ስለሌለውም ተረት አይደለም። እርሷን ጸጥ አሰኝቼ እኔ እንዳርፍ የጠራሁት ማስፈራሪያ ነበር።

ጥያቄው የቆየ ነው። ፕላቶን ሪፐብሊክ በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ አማልክት በሌሊት በልዩ ልዩ እንግዳ መልክ ይዞራሉ እያሉ ልጆቻቸውን የሚያስፈራሩትን እናቶች ይነቅፋል። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ አንደኛ አማልክትን መስደብ ነው፤ ሁለተኛ ልጆቹን ፈሪዎች ያደርጋቸዋል። አረማዊው ፈላስፋ ይህን ካለ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ አባታችን ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን የበለጠ ርኅራኄ የተሞላበት መንገድ ያሳያል። አስፈሪውን ታሪክ ጨርሶ አይከለክልም፤ እንዲያውም ወላጅ ለልጁ መጀመሪያ እንዲተርክለት የሚመክረው ቃየል ወንድሙን የገደለበትን ታሪክ ነው። ነገር ግን ሥርዓት ያበጅለታል። ታሪኩ በቀላልና በጣፋጭ ቃል ይነገር፤ እናትም አብራ ትቀመጥ፤ ከጥቂት ምሽት በኋላ ልጁ ራሱ መልሶ ይተርከው ይላል። የጥፋት ውኃንና የሰዶምን ታሪክ ስምንት ወይም ዐሥር ዓመት ለሆነው፣ ከዚያም በታች ላለው ልጅ ይፈቅዳል፤ ስለ ገሃነም ግን 15 ዓመት እስኪሞላው ይቈይ ይላል። ገና ለጋ በሆነ አእምሮ ላይ ከባድ ሸክም ከተጫነ ይሰበራልና ነው።

በስደት የምንኖርባት አትላንታም ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። ዌስት ኤንድ በተባለው ሰፈር ሬንስ ኔስት የሚባል አሮጌ ቤት አለ፤ የጋዜጠኛው የጆኤል ቻንድለር ሃሪስ መኖሪያ ነበር። ሃሪስ በወጣትነቱ በጆርጂያ ገጠር በባርነት ከነበሩ አፍሪካውያን የሰማውን ተረት እ.ኤ.አ. በ1880 በመጽሐፍ አሳተመ። ተረቱን ያቀረበበት መንገድ ባርነትን ያለሰልሳል ተብሎ በብዙ ጥቁር ጸሐፍት የተነቀፈ ቢሆንም፣ ተረቱ ራሱ ግን የእነዚያ ወላጆች ሀብት ነው። ጥንቸል ቀበሮንና ተኵላን በብልሃት ታመልጣለች። ልጁ በማግሥቱ ከእናቱ ተነጥሎ ሊሸጥ በሚችልበት አገር፣ «ጥርስ ያለው ሁሉ አሸናፊ አይደለም» ብሎ ማስተማር ቀላል ስጦታ አልነበረም።

ሌላም ምሳሌ እነሆ። የፖላንድ አይሁድ ስደተኞች ልጅ የሆነው ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው የሥዕል መጽሐፍ፣ ስላጠፋ ራቱን ተከልክሎ ወደ መኝታው ስለ ተላከ ልጅ ይተርካል። ልጁ ጥርሳቸውና ጥፍራቸው ወደሚያስፈራ ፍጥረታት አገር ሄዶ ይነግሥባቸዋል፤ ሲመለስም ራቱ በክፍሉ ሳይቀዘቅዝ ይጠብቀዋል። ሴንዳክ እነዚያን ፍጥረታት የሣላቸው፣ በልጅነቱ እሑድ እሑድ እየመጡ ጉንጩን እየቈነጠጡ «ልብላህ» ይሉት የነበሩትን ስደተኛ ዘመዶቹን እያሰበ መሆኑን ተናግሯል። ይህን ሳነብ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናቱን እየሳምን «ልብላሽ» የምንለው እኛ ሽማግሎች ትዝ አልኋችሁ። ያም ሆነ ይህ፣ የዚያ መጽሐፍ ትኩስ ራትና የእኛ ተረት ዳቦ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ከፍርሃት አገር መመለሻ አለ፤ በመመለሻው ላይም የሚወድህ ሰው ይጠብቅሃል።

ማስፈራሪያ ሁሉ ክፉ ነው እንዳልል የሚከለክለኝ አንድ ትዝታ አለ። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ በሚካሄድበት ጊዜ፣ በተጠጋሁበት ግቢ የሦስት ዓመት ልጅ ያላት አንዲት እናት ነበረች። አሳሾቹ ወደ ግቢው ሲገቡ ልጁ ማልቀስ ጀመረ። እርሷም በጋቢዋ ሸፍና ደረቷ ላይ አጣብቃ «ጅብ ነው፤ እኔና አንተ ዝም ካልን ያልፋል» ስትለው ሰማኋት። ልጁም ዝም አለ። ያን ቀን አለፈ። ያች ሴት ለልጇ የወታደሩን ነገር ልታስረዳው አትችልም ነበር፤ በእርሱ ልክ የሆነ ስም ሰጠችው እንጂ። እኔና እርሷ የጠራነው ጅብ አንድ ነው። ነገር ግን እርሷ ልጁን አቅፋ «ያልፋል» አለችው፤ እኔ መብራቱን አጥፍቼ ሄድሁ።

የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሕፃንን የሚጎዳው ስለ ጭራቅ መስማቱ አይደለም፤ ሊጠብቀው የሚገባው ሰው ከጭራቁ ጋር ብቻውን ሲተወው፣ ይልቁንም ጭራቁን የጠራው ያው ጠባቂው ሲሆን ነው። እንግዲያስ ልጁ ሲፈራ ወደ ማን ይሸሽ?

ይህ ከጅብ አልፎ ወደ ከባዱ ነገር ያደርሰናል። በስደት አገር ጅቡን ትተን «ፖሊስ ይወስድሃል»፣ «ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» እንላለን። ልጁ አንድ ቀን መንገድ ጠፍቶት ፖሊስ ቢያይ ይሸሸዋል፤ ሲታመምም ከሐኪሙ ይደበቃል። ከሁሉም የሚብሰው «እግዜር ይቈጣሃል፣ ዓይንህን ያጠፋዋል» የሚለው ነው። እግዚአብሔርን ከጅብ ጎን ያቆምነው ዕለት፣ ልጁ አድጎ ጅቡ ውሸት እንደ ነበረ ሲያውቅ ሁለቱን አብሮ ይጥላቸዋል። ወጣቶቻችን ከቤተ ክርስቲያን የራቁበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከመካከላቸው እኛ በሕፃንነታቸው ያስተዋወቅናቸውን ጅብ እንጂ እግዚአብሔርን ያልካዱ እንዳይኖሩ እፈራለሁ።

«ፈሪሃ እግዚአብሔር የጥበብ መጀመሪያ አይደለምን?» የሚለኝ ይኖራል። ነው። ሆኖም አበው የባርያን ፍርሃት ከልጅ ፍርሃት ለይተው አስተምረውናል። ባርያ መመታትን ይፈራል፤ ልጅ የሚወደውን አባቱን ማሳዘን ይፈራል። መቼም መበላትን በመፍራት ፍቅርን የተማረ የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ፊት ቆማ ዘንዶውን፣ ጦሩን፣ ከዛፉ ላይ ሆና የምታየውን ብሩታዊትን ብዙ ጊዜ ተመለከተች። «ዘንዶው ሞቷል?» አለችኝ። «አዎን፣ ሞቷል» አልኋት። «የኛን ጅብስ ማን ወጋው?» አለች። በሥዕሉ ያለው ዘንዶ ከእኔ ጅብ ይልቅ እጅግ አስፈሪ ነው፤ ግን አላስፈራትም፤ ጦሩ ገብቶበታልና፤ ከዛፉ ላይ ያለችውም ልጅ ብቻዋን አይደለችምና።

በዚያ ምሽት መብራቱን ሳላጠፋ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀመጥሁ። ለእናቷ ጥያቄ መልሱ የእኔ ዕዳ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። «ጅብ በእውነት ያለ እንስሳ ነው፤ የሚኖረው ግን ከባሕር ማዶ ነው፤ ወደዚህ ቤት አይመጣም። ይበላሻል ያልሁሽ ተሳስቼ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። ከዚያ በኋላ አያ ጅቦ በጦጣ የተታለለበትን ተረት እስከ ዳቦው ድረስ ነገርኋት። ፈጽማ ዳነች ለማለት አልደፍርም፤ የቁም ሣጥኑ በር አሁንም ሳይዘጋ አትተኛም። ግን ማታ ማታ ጅቡን ራሷ ትጠይቀኛለች።

ስለዚህ ለወላጆችና ለአያቶች የምመክረው ይህን ነው። በየደጁ የተሰቀለውን ዐፅም ለሕፃን አታሳዩ፤ ታሪክም መጨረሻም የለውምና። የበላዔ ሰብንም ታሪክ፣ ምንም እንኳ ፍጻሜው የእመቤታችን ምሕረት ቢሆን፣ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ፣ ለቤተሰቦቹ እንኳ ያልራራ ሰው ታሪክ ነውና ለአራት ዓመት ልጅ አትንገሩ፤ ጊዜው ይደርሳል። ተረቱን ግን አትንፈጓቸው፤ አማርኛውም አብሮት ይገባልና። አስፈሪውን ስም ከመጥራታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ የምናገረው እውነት ወይም ተረት ነውን? መጨረሻው የት ነው? እስከ መጨረሻውስ ከልጁ ጋር እቀመጣለሁን? ጊዜ ከሌላችሁ፣ ደክሟችሁም ከሆነ፣ ጅቡን አትጥሩት። ልጁ ቢያለቅስ ይሻላል።

አምላከ ቅዱስ ጊዮርጊስ ልጆቻችንን በሞገስ ያሳድግልን፤ አሜን።