እጅን ማየት፣ እቃን ማየት

ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ በሴራሚክ ጋለሪዎቹ መካከል አንድ የሸክላ መሥሪያ ክፍል አለ። ተመርጠው የገቡ ሠሪዎች በየተራ ለወራት እየቆዩ ይሠሩበታል፤ ጎብኚም ጎራ እያለ ያያቸዋል። ሬዚደንሲ የሚሉት አሠራር ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ገና ለሚማሩ የሸክላ ተማሪዎች ይበጃል ወይ በሚለው ከአንድ የሥነ ጥበብ መምህር ወዳጄ ጋር ተሟግተን አልተስማማንም። እሱ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም ባይ ነው። እኔን ዕረፍት የነሣኝ በመሥራትና ሲሠሩ በመታየት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ተማሪ ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ የለኝም። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1852 ሲቋቋም ከመንግሥት የንድፍ ትምህርት ቤት ጋር ተጣምሮ ነበር፤ እቃ የተሰበሰበውም ሠሪዎች እንዲማሩበት ነው። ነገር ግን ሰው የሚያያት ተማሪ ለዓይን የሚያምረውን ታስቀድማለች። ጭቃው በመሽከርከሪያው ላይ ከፍ ከፍ ሲል ሰው ይሰበሰባል። የሸክላ ሥራ ግን አብዛኛው አሰልቺ ነው፦ ጭቃ ማሸት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ቅቡን በትንንሽ ቁራጭ ላይ ደጋግሞ መሞከር። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ይኮማተራል፤ እጀታው ሲጋጠም የተፈጠረው ስሕተት ስንጥቅ ሆኖ የሚወጣው አድናቂው ወደ ቤቱ ከገባ ከቀናት በኋላ ነው።

ወዳጄ የሰጠኝ መልስ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ሸክላ ሠሪ መቼ ተደብቃ ሠርታ ታውቃለች? በአዲስ አበባ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች በሰፈር መካከል አይደለም ወይ የሚሠሩት፣ ገበያ አውጥተው አይደለም ወይ የሚሸጡት?

እውነት ነው። ሆኖም ገበያ ላይ የሚታየው እቃው ነው። ገዢዋ ጀበናውን አንሥታ በጣቷ እያንኳኳች ድምፁን ታዳምጣለች። ምጣዱን አገላብጣ ስንጥቅ ትፈልጋለች፤ ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር ታሟሸዋለች፤ እንጀራው ከያዘባት በሚቀጥለው ገበያ ሠሪዋ ትሰማታለች። ፍርዷ ምሕረት የለውም፤ የሚያስተምረው ግን እንዲህ ያለው ፍርድ ነው። የሙዚየሙ ጎብኚ የሚያደንቀው የሠሪዋን እጅ ነው። ገንቦው ቢያፈስ እሱን አይጠማውም።

ይህ መልስ እስከ መጨረሻው የሚያስኬድ መስሎኝ ነበር፤ አያስኬድም። ያቺው ገዢ ጀበናውን አንኳኩታ ስትገዛ ሠሪዋን በቡዳነት ትጠረጥራለች። ከዓይኗ ልጇን ትሸፍናለች፤ ለጋብቻም አትመርጣትም። በጎንደር የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችም፣ በቀጨኔ ያሉትም ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል። ጀበናው በቤታችን መካከል ተቀምጦ ሠሪዋ ከማዕዳችን ተገፍታለች። የገበያውን ዓይን ሳሞግስ ይህን ሁሉ አብሬ ማሞገሴ ነው። ለለንደኗ ተማሪ ሰው ቆሞ እጇን ማየቱ ክብር ነው፤ ለእኛ አገር ሸክላ ሠሪዎች የተነፈገው ክብር። አንዱ ዓይን እቃውን አክብሮ ሠሪዋን ይንቃል፤ ሌላው ሠሪዋን አክብሮ እቃውን ይረሳል።

መታየት ሁሉንም ያበላሻል እንዳልልም ፊቢ ከሚንግስ አለች። እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያው ክፍል የሠራችው ይህች ሴት ጭቃዋን አትተኩሰውም። በ2017 ለሽልማት ያቀረበችው ካልተተኮሰ ጭቃ የተሠራ ፏፏቴ ነበር፤ የሚፈስበት ውኃ ራሱ እያሟሟ ይበላዋል። የሚያያት ሰው የሚያደንቀውን ነገር ይዞ ማስቀረት አይችልም። ነገር ግን መተኮስን መተው የሚችል መተኮስን ያወቀ ነው፤ ጀማሪ ተማሪ ገና የምትተወው ነገር የላትም። ስለዚህ ሙግቴን ወደዚህ አጠበብኩት፦ ተማሪዋ በሯን የምትዘጋባቸው ቀናት ይኑሯት፤ የማትወደውን ሥራ ለማንም ሳታብራራ ሰብራ ትጣል፤ ከምትሠራውም ጥቂቱ አገልግሎት ላይ ይዋል።

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ በሙዚየሙ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ የፖይንተር ክፍል የሚባለው የሙዚየሙ ምግብ ቤት ሲሠራ፣ የግድግዳውን ሰማያዊና ነጭ ሸክላ ንጣፍ የሳሉት ከሙዚየሙ ጋር የተጣመረው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች ናቸው። ሥጋ የሚጠበስበት ክፍል ነበር፤ ሥራቸው በጭስና በቅባት መካከል ተፈትኖ እስከ ዛሬ ቆሟል። ይህን ለወዳጄ ማስረጃ አድርጌ ባቀርብለት ክፍሉ በማን ስም እንደሚጠራ ጠየቀኝ። በነዳፊው በኤድዋርድ ፖይንተር ስም ነው። ለዚህ እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።