ያማረ ሁሉ መልካም ነውን?



በምድር ላይ ከ25,000 በላይ የኦርኪድ ዓይነቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ወገን ኦፍሪስ ይባላል፤ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ይበቅላል። አበባው በመልኩም በሽታውም እንስት የዱር ንብ ይመስላል። ወንዱ ንብ ተታሎ ያርፍበታል፤ የአበባውን ዱቄት ተሸክሞ፣ አንዳች ሳይቀምስ ይሄዳል። የእኛዋ አደይ አበባ ግን በመስከረም ሜዳውን ቢጫ ስታለብስ ንቧንም ትመግባለች፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር ከእርሷም የተቀሰመ ነው።

አበባ ኅሊና የለውምና አይወቀስም። እኛስ? ባለፈው ወር የክፍል ጓደኛዬ ለፈተና ደብተሬን ቢለምነኝ፣ በጣፋጭ አንደበት «ነገ አመጣልሃለሁ» ብዬው ሳልሰጠው ቀረሁ። ፈተናውን ወደቀ። ንግግሬ አበባ ነበር፤ ማር ግን አልነበረውም።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ቃላችንን አምኖ የመጣ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል?