ጀምበር የማትጠልቅበት መንደርና እውነተኛው ዕረፍት



ሐዋርያት ከተላኩበት አገልግሎት ተመልሰው የሠሩትንና ያስተማሩትን ለጌታ በነገሩት ጊዜ እጅግ ደክመው ነበር። የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ እህል ለመቅመስ እንኳ ፋታ አላገኙም። ጌታም ድካማቸውን አይቶ ጸጥ ወዳለ ስፍራ ፈቀቅ ብለው ጥቂት እንዲያርፉ ጠራቸው (ማር. 6፥30-34)። ከዚህ እንደምንረዳው መድከም ነውር አይደለም፤ ዕረፍትን መሻትም ከፈጣሪ የተሰጠን ነው። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው ዕረፍትን የት እንፈልጋለን፣ ከማንስ ጋር እናርፋለን የሚለው ነው።

በዘመናችን ከዚህ በፊት ያልነበረ የማረፊያ ስፍራ ተከፍቷል። ሊንደን ላብ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 «ሰከንድ ላይፍ» ማለትም «ሁለተኛ ሕይወት» የሚል ስም የሰጠውን ምናባዊ ዓለም በኮምፒዩተር አማካይነት ለሕዝብ አቀረበ። እንግዳው ከቤቱ ሳይወጣ በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ አንድ አምሳያ ይመርጣል፤ መልኩን፣ ቁመቱንና ልብሱን እንደ ወደደ ያበጅለታል። ከዚያም አምሳያውን በልዩ ልዩ መንደሮች ያዘዋውራል። መንደሮቹን የሚሠሩት ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ሲሆኑ፣ አንዱ ዘንባባ የበዛበት የባሕር ዳርቻ፣ ሌላው በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሌላውም የጥንት ነገሥታት ግንብ ሆኖ ይታነጻል። ለዕረፍት የሚመጣው ሰው በዚያ ጎጆ ይከራያል፤ ኪራዩንም በእውነተኛ ዶላር በሚገዛ «የሊንደን ዶላር» ይከፍላል። በመዝናኛ ደሴቶቿ የታወቀችው ማልዲቭስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2007 በዚሁ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ኤምባሲ ከፍታ ነበር።

በሌሞ ቀበሌዎች ወይም በሆሳዕና ከተማ ለምንኖር ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ከትምህርት ቤት ወይም ከእርሻ የተመለሰው ልጃችን ስልኩን ይዞ በጨዋታና በምስል ዓለም ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ሲቆይ፣ ወደዚያው መንደር በሌላ በር መግባቱ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

አስቀድመን ግን በችኮላ እንዳንፈርድ እንጠንቀቅ። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የሆኑት አባ አንቶኒዮ ስፓዳሮ እ.ኤ.አ. በ2007 «ላ ቺቪልታ ካቶሊካ» በተባለው የሮም መጽሔት ስለ ሰከንድ ላይፍ በጻፉት ጽሑፍ፣ ምናባዊው ዓለም የወንጌል መልእክተኞች ሊሸሹት የማይገባ ስፍራ መሆኑን አመልክተዋል፤ በአምሳያው ጀርባ ሕያው ሰው አለና። በሕመም ምክንያት ከአልጋ መነሣት የተሳናቸው ብዙዎችም በዚያ ዓለም እንደ ልባቸው ሲመላለሱና ወዳጅ ሲያፈሩ ደስታ አግኝተዋል። ይህን ደስታ ሐሰት ነው ብለን ልንንቀው አይገባንም። ሆኖም መልካም የሆነው ነገር እስከ ምን ድረስ መልካም እንደሆነ መመርመር የክርስቲያን ግዴታ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ሥጋችንን እናስብ። በዚያ መዝናኛ አምሳያው ቡና ሲጠጣ ይታያል፤ ከኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ግን ጥማቱ አልተቆረጠም። ነቢዩ ኢሳይያስ በሕልሙ ሲበላና ሲጠጣ አድሮ፣ ሲነቃ ግን ረሃቡና ጥማቱ እንዳለ ስለሚያገኘው ሰው የተናገረውን ልብ እንበል (ኢሳ. 29፥8)። እግዚአብሔር እኛን ለማዳን በወደደ ጊዜ ሥዕሉን አልላከልንም፤ ቃል ሥጋ ሆነ እንጂ። ከሙታን የተነሣው ጌታም ምትሐት ያዩ መስሏቸው ለፈሩት ደቀ መዛሙርት እጆቹንና እግሮቹን አሳያቸው፤ የተጠበሰ ዓሣም ተቀብሎ በፊታቸው በላ (ሉቃ. 24፥36-43)። ሥጋን ትቶ የሚገኝ ዕረፍት ለአሳብ ጥቂት ፋታ ይሰጥ ይሆናል፤ የደከመውን ሰው በሙላት ሊያሳርፈው ግን አይችልም።

በሁለተኛ ደረጃ ጊዜን እናስብ። በሰከንድ ላይፍ የመንደሩ ባለቤት ፀሐይዋን በወደደው ሰዓት ላይ ሊያቆማት ይችላል። ጀምበሯ በባሕሩ ላይ ቀልታ ትታያለች፤ ነገር ግን አትጠልቅም። ማታ ስለማይሆን ወደ ቤት የሚጣራ ድምፅ የለም፤ ስለማይነጋም ወደ ሥራ የሚቀሰቅስ የለም። እግዚአብሔር ግን ማታንና ጠዋትን ለይቶ ሠራ፤ ዕረፍትንም በሰባተኛው ቀን መደበ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ እሑድ ባወጡት «ዲየስ ዶሚኒ» የተባለ ሐዋርያዊ መልእክት፣ ይህ ቀን የጌታ፣ የቤተ ክርስቲያንና የሰው ቀን መሆኑን አስተምረዋል። እሑድ ይመጣል፣ ይመሻልም፤ ሲመሽም ሰኞን በታደሰ ኃይል እንድንጀምር ይልከናል። መጨረሻ የሌለው መዝናኛ ግን ሰውን ያስቀረዋል እንጂ አይልከውም።

በሦስተኛ ደረጃ ባልንጀራን እናስብ። ምናባዊውን ቦታ የያዘ ሰው የማይፈልገውን እንግዳ ስም በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ በሩን ሊዘጋበት ይችላል። ወደ ወንጌሉ ስንመለስ ግን፣ ጌታና ሐዋርያት ለማረፍ በታንኳ ሲሄዱ ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀደማቸው። ጌታም ዕረፍቴን አወካችሁ ብሎ አላባረራቸውም፤ አዘነላቸው፣ አስተማራቸው፣ በመጨረሻም መገባቸው። ያልተጠበቀ እንግዳ ፈጽሞ የማይደርስበት ስፍራ ጸጥታ ይኖረው ይሆናል፤ ፍቅር የሚፈተንበትና የሚያድግበት ስፍራ ግን አይደለም።

ወገኖቻችን ሆይ! ይህን ሚዛን በሌላው ላይ ብቻ ሳይሆን በራሳችን በዓል ላይም እናንሣ። በመስከረም ወር መስቀል ሲደርስ፣ የሀዲያ ሕዝብ ያሆዴን፣ የከምባታም ሕዝብ መሳላን ሲያከብር፣ በየከተማው የተበተነው ዘመድ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። በሬ ይታረዳል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ አታካናው ይቀርባል። ይህ ሥጋ የለበሰ ዕረፍት ነው። ነገር ግን እንሰቱን ስትፍቅ፣ ቆጮውንና ቡላውን ስታዘጋጅ የሰነበተችው እናት በበዓሉ ዕለት ከማእዱ ሳትቀመጥ ከዋለች፣ በእርስዋ ዘንድ የእኛም በዓል በሩቅ የሚታይ ሥዕል ሆነ ማለት ነው። የሰንበት ሕግ ከባለቤቱ ጋር ሠራተኛውን፣ እንግዳውንና ከብቱን ሳይቀር እንዲያርፉ ያዛል (ዘፀ. 20፥10)። አንዱ በሌላው ድካም ላይ ተደላድሎ የሚቀመጥበት ግብዣ የጌታ ዕረፍት አይባልም።

በዚያው ዕለት ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ልጃቸው ጋር በስልክ ምስል ይተያያሉ። አባት ፊቱን አይቶ ይመርቀዋል፤ እናት የአባቱን ቤት እንዳይረሳ ታለቅሳለች። ይህ ታላቅ ጸጋ ነውና እናመስግን። ሆኖም እናቲቱ ስልኩን ከዘጋች በኋላ በገበታው ላይ የጎደለውን ሰው ታውቃለች። ስልክ መስኮት ነው፤ በመስኮት ይተያዩበታል፣ ግን አይኖሩበትም። በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓለም የመገናኛ ብዙኃን ቀን ባስተላለፉት መልእክት፣ መረቡ ሰዎችን በአካል ወደ መገናኘትና በአንድ ማእድ ወደ መቀመጥ የሚያደርስ ሲሆን መልካም መሣሪያ እንደሆነ ገልጸዋል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ምእመናን ቅዳሴን በምስል ብቻ ሲከታተሉ በነበረበት በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ ያ ሁኔታ የችግር ጊዜ መሻገሪያ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ቋሚ መልክ እንዳልሆነ አስገንዝበዋል። ቅዱስ ቁርባን በምስል አይቀበሉትምና።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ወጣቱን «ስልክህን ጣል» ከማለታችሁ በፊት በዚያ ምን እንዳገኘ፣ ከእኛስ ዘንድ ምን እንዳጣ ጠይቁት፤ ምናልባት የሚሰማው ጆሮ አጥቶ ይሆናል። ወላጆች ሆይ፣ በማእድ ሰዓት ስልካችሁን አስቀድማችሁ እናንተ አኑሩ፤ ልጆቻችሁም ከእናንተ ይማራሉ። ወጣቶች ሆይ፣ ለመዝናኛችሁ የማታ ሰዓት ወስኑለት፤ በሳምንትም አንድ ጊዜ ከአልጋው መነሣት የማይችለውን ጎረቤት ደጅ አንኳኩ። እርሱ ምናባዊ ደሴት ባይኖረውም የእናንተን ኮቴ ይጠብቃል። ቤት ያላችሁ ሁሉ በመጪው በዓል እናቶችን አስቀድማችሁ አስቀምጡ፤ በገበታችሁም ላይ ላልተጠራው ሰው አንድ ስፍራ ተዉለት።

ደካሞችንና ሸክም የከበደባቸውን ወደ ራሱ የጠራ ጌታ ልጆቻችንን ከሩቅ ምኞት ወደ ቅርብ ፍቅር ይመልስልን፤ የተበተኑትን ይሰብስብልን፤ ማታ ወደማይመሽባት፣ በርዋም ወደማይዘጋባት ሰማያዊት ቤቱ በሥጋም በነፍስም ያድርሰን። አሜን።