ተሸንፎ መመለስ ውድቀት ነውን?

የሰው ድካም የሚመዘነው በምንድን ነው? በተገኘው ውጤት ነውን ወይስ በደከመው ሰው ልብና በሥራው እውነተኛነት? ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ቢመስልም በጨፋ ሸለቆ በየዕለቱ የሚነሣ ነው። ከከሚሴና ከዙሪያዋ ቀበሌዎች አያሌ ወጣቶች በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲና በየመን አድርገው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሻገር ይነሣሉ። በ2006 ዓ.ም. ያች አገር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን በመለሰች ጊዜ ከተመላሾቹ መካከል ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። ልጁ በሕይወት ወደ ቤቱ ሲገባ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከሰላምታው ቀድሞ የሚሰማው «ምን ይዞ መጣ?» የሚል ነው። እጁ ባዶ ከሆነ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፤ «አልሆነለትም» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ይህን ፍርድ እንመረምር ዘንድ ወደ ሩጫ ሜዳ እንሂድ። ድልና ሽንፈት እንደ ሩጫ በግልጽ የሚለዩበት ቦታ ጥቂት ነውና። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ ምሳሌውን የወሰደው ከዚያው ነው (1ቆሮ. 9፥24-27)፤ በከተማቸው አቅራቢያ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ ውድድር ይደረግ ስለ ነበር አንባቢዎቹ ነገሩን ያውቁታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን የሩጫ ታሪካችንን መቁጠር የምንወደው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮም ማራቶንን ካሸነፈበት ከ1952 ዓ.ም. ጀምረን ነው። ይሁን እንጂ ሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው ከዚያ አስቀድሞ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነበር። ከዚያ ቡድን መካከል አንዱ የክብር ዘበኛ ወታደር የነበረው ማሞ ወልዴ ነው። በ800 ሜትር፣ በ1,500 ሜትርና በ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል ሮጦ በማጣሪያው ቀረ። ያን ጊዜ ስለ ማሞ የተጠየቀ ሰው «አልሆነለትም» ቢል ማን ይቃወመው ነበር? ከ12 ዓመታት በኋላ ግን በሜክሲኮ ከተማ በ10,000 ሜትር የብር፣ በማራቶን የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ፣ ዕድሜው 40 ደርሶ ሳለ፣ በማራቶን የነሐስ ሜዳልያ ጨመረ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ቀላሉ ትምህርት «ዛሬ የተሸነፈ ነገ ያሸንፋልና ተስፋ አትቁረጥ» የሚል ነው። ትምህርቱ መልካም ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው። ዛሬ ተሸንፎ ነገም የሚሸነፍ አለና። ከበረሃ የተመለሰው ወጣት ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል። ሰውን የምናጽናናው ወደ ፊት በሚያገኘው ድል ብቻ ከሆነ ያው በውጤት መመዘናችን ነው፤ የለወጥነው ቀኑን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ሰው እንመልከት፤ ንጉሤ ሮባን። ንጉሤ በወጣትነቱ ሀገሩን የወከለ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበር። የ100 ሜትር ሩጫ ከሩጫዎች ሁሉ ጨካኙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የብዙ ዓመት ልምምድ በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ሰከንድ ውስጥ ይፈረድበታል። በማራቶን ወደ ኋላ የቀረ ሰው ለመድረስ ጊዜ አለው፤ በ100 ሜትር ግን አነሣሡ ላይ የተሳሳተ ስሕተቱን የሚያርምበት መንገድ የለውም። በዚህ ርቀት፣ በ200ና በ400 ሜትርም ቢሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያገኘ ኢትዮጵያዊ የለም። የደጋው አየር ከለከለን እንዳንል በሜክሲኮ ከተማ የአየሩ መሳሳት የአጭር ርቀት ሯጮችን ረድቶ ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95 ሰከንድ ጨርሷል።

ንጉሤም በሩጫው ሜዳልያ አላገኘም። ኋላ ግን አሠልጣኝ ሆነ፤ ያሠለጠናቸውም በአብዛኛው በእርሱ ርቀት የሚሮጡ አልነበሩም። በ1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ የቡድኑ አሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ነበር። ምሩፅ «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በመጨረሻዎቹ ሦስት መቶ ሜትሮች ገደማ በድንገት በሚወረውረው ፍጥነት ነው። የቀድሞው የአጭር ርቀት ሯጭ ከሜዳው ዳር ቆሞ ያንን ሲያይ በልቡ ምን እንደ ተሰማው እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ የምናውቀው ይህን ነው፦ ሜዳልያው በሌላ ሰው አንገት ላይ ቢውልም የሠራው መልካም ሥራ ሥራ መሆኑ አልቀረም። ጌታችን አንዱ እንደሚዘራ ሌላው እንደሚያጭድ ለደቀ መዛሙርቱ ሲነግራቸው (ዮሐ. 4፥36-38) ዘሪውን እንደ ተሸናፊ አልቆጠረውም፤ ዘሪና አጫጅ አብረው ደስ እንደሚላቸው ነው ያስተማረው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «ውጤት ዋጋ ከሌለው ለምን እንሮጣለን? ይህ የሰነፍ መጽናኛ አይደለምን?» የሚል። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ የሮጡት ሁሉ ሽልማት እንደማያገኙ ካሳሰበ በኋላ አክሊሉን ለማግኘት እንድንሮጥ አጥብቆ ይመክራል። ሽንፈትም ሽንፈት ነው፤ ያማል፤ አያምም ማለት ሐሰት ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፈ መክብብ እንደሚያሳስበን (መክ. 9፥11) ሩጫ ሁልጊዜ ለፈጣኖች አይሆንም። መድከም የእኛ ግዴታ ነው፤ ውጤቱ ግን ሙሉ በሙሉ በእጃችን አይደለም። ሰው ሊጠየቅ የሚገባውም በእጁ ባለው ነገር ነው።

ይህ የቤተ ክርስቲያን ስብከት ብቻ እንዳይመስለን ዓለም ራሱ የሰጠውን ፍርድ እናስታውስ። በመስከረም ወር 1981 ዓ.ም. በሴውል ኦሊምፒክ ካናዳዊው ቤን ጆንሰን 100 ሜትርን በ9.79 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። ከሦስት ቀን በኋላ የተከለከለ መድኃኒት መውሰዱ ተረጋግጦ ሜዳልያውን ተነጠቀ። ልብ እንበል፤ ሰዓቱ የቆጠረው አልተለወጠም። ያ ሰው በእርግጥ ሮጦ ነበር፤ በእርግጥም ቀድሞ ደርሷል። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው? የሥራው እውነት ነው። መመዘኛው ውጤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሜዳልያው ባልተወሰደ ነበር። እንግዲህ ዓለምም ቢሆን በኅሊናው ጥልቅ ውስጥ ሥራን የሚመዝነው እንዴትና ለምን እንደ ተሠራ አይቶ ነው። ድል ባዶ ሊሆን የሚችል ከሆነ ደግሞ ሽንፈትም ሙሉ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን አምኖ ሁለተኛውን መካድ አይቻልም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1958 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ (ቁ. 35) የሰው ክብር ካለው ንብረት ይልቅ በማንነቱ እንደ ሆነ አስተምሯል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2289) አካልንና የስፖርት ስኬትን እንደ ጣዖት ማምለክ እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። ጣዖት መሥዋዕት ይጠይቃል፤ ስኬት ጣዖት ሲሆንም የሚሠዋለት አልሆነለትም የተባለው ልጅ ነው። በሐፍረት ከቤት የማይወጣው፣ ወይም ያው ደላላ ዘንድ ሄዶ ያንኑ በረሃ ዳግመኛ ለማቋረጥ የሚነሣው፣ ብዙ ጊዜ ድህነት ብቻ ሳይሆን የእኛ ምላስ ገፍቶት ነው።

ስለዚህ በየቁምስናው ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ባዶ እጁን ሲመለስ «ምን ይዘህ መጣህ?» ከማለት በፊት «እንኳን በደኅና መጣህ» በሉት። ቀጥሎም ያየውን ይንገራችሁ፤ እስኪጨርስ አድምጡት። በወሎ ደንብ ቡና ሲፈላ ጎረቤት በሃይማኖት አይለይምና ይህን ቃል ከሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጋር ሆነን እንናገረው፤ ኀዘኑም ተስፋውም የጋራችን ነው።

እናንተም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ምእመናን ጥቂት በሆኑበት በዚህ ሸለቆ ሦስት ወይም አራት ሕፃናት ሰብስባችሁ ስታስተምሩ ቁጥር ቆጥራችሁ አትዘኑ። የቦርከና ወንዝ ከደጋው ወርዶ በጨፋ ረግረግ ይተኛል፤ በበጋ ከቆላም ከደጋም የመጣው ከብት ጠጥቶና ግጦ ይመለሳል፤ ወንዙም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከብቱ የሚደልበው በባለቤቱ ቀዬ ነው። ያስተማራችሁት ልጅም ፍሬውን በሌላ ቁምስና፣ በሌላ ከተማ፣ ምናልባትም እናንተ ካለፋችሁ በኋላ ያፈራ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ መስቀሉን እንመልከት። በዕለተ ዓርብ ማታ በውጤት የሚፈርድ ሰው ቢጠየቅ ስለ ናዝሬቱ ኢየሱስ ምን ይል ነበር? «አልሆነለትም» ይል ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ተበትነዋል፤ ልብሱ በዕጣ ተከፍሏል፤ መቃብሩም የሌላ ሰው ነው። አብ ግን የፈረደው በፍቅሩና በታዛዥነቱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በሕይወቱ መጨረሻ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ (2ጢሞ. 4፥7) ሩጫውን እንደ ጨረሰና ሃይማኖቱን እንደ ጠበቀ መሰከረ እንጂ ከሌሎች ቀድሞ እንደ ደረሰ አልተናገረም። እኛም እንዲሁ ለመጨረስ ጸጋውን እንለምን፤ በመንገድ የወደቀውንም ደግፈን እንድናነሣ እግዚአብሔር ይርዳን።