ኮርሳ ለገዛው የወንድሜ ልጅ

እንኳን ደስ አለህ። አባትህ ደውሎ «ልጁ የስንት ወር ደመወዙን ለሁለት ጎማና ለአንድ ኮርቻ ከሰከሰው፤ ያበላሸኸውም አንተ ነህ» ብሎኛል። ወቀሳውን ተቀብያለሁ። ከባዱ ግን ኮርሳ መግዛት ሳይሆን መያዝ ነውና ስለ አያያዟ በሆዴ ያለውን ልንገርህ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ፤ የብስክሌቱ ዓለም ታሪኩን የሚቆጥረው በዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት አትፈር። እሑድ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ብስክሌቷን ገልብጠህ በጥርስ ብሩሽ ማርሽ ስትፈትግ ያየህ ጎረቤት ሁሉ ይስቅብሃል። ይሳቅ። ይህች አገር ጀግኖቿን በፈረሳቸው ስም የጠራች አገር ናት። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ፈረሰኛ ከራሱ እራት በፊት የፈረሱን ገብስ ያያል፤ ሎሌ ጭኖለት እንኳ ቢሆን እርካቡንና ማሰሪያውን በገዛ እጁ ሳይፈትን አይወጣም። የፈረሱን ስም የራሱ ስም ያደረገለትም አብሮት የዋለው ውሎ እንጂ የተገዛበት ዋጋ አይደለም።

ግሬም ኦብሪ የሚባል ስኮትላንዳዊ አለ። ብስክሌቱን ራሱ የሠራ፣ ለፔዳሏ ዘንግ ኩሽኔታ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን አውጥቶ የገጠመ ሰው ነው። ስምም አውጥቶላታል፤ «የጥንቷ ታማኝ» እንደማለት ነው። በሐምሌ 1993 ኖርዌይ ውስጥ ሐማር ወደምትባል ከተማ ሄደ። ዓላማው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሰው ሁሉ የበለጠ ርቀት መንዳት ነበር፤ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዘር በ1984 ያስመዘገበው 51.151 ኪሎ ሜትር ገና አልተሰበረም። ኦብሪ መጀመሪያ የሞከረው በታማኟ አምሳል ሌላ ባለሙያ በሠራለት አዲስ ብስክሌት ነው። አልተሳካለትም። በማግስቱ ጠዋት የራሱን አወጣና 51.596 ኪሎ ሜትር ነዳ። ክብረ ወሰኑ በእጁ የቆየው ለስድስት ቀን ብቻ ነው፤ እንግሊዛዊው ክሪስ ቦርድማን ወሰደበት። በዓመቱም ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የአነዳድ አቀማመጡን ከለከለበት። ይህን የምነግርህ ሄደህ የብየዳ ማሽን ግዛ ልልህ አይደለም (አባትህ በእውነት ይጣላኛል)። ኦብሪ እያንዳንዷ ቡሎን ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠች ያውቅ ነበር። ከእሱ የምፈልግልህ ይህን ነው።

ደግሞ በቴሌቪዥን የምታያቸውን አትቅና። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲለብስ አብረን አይተናል። እንዲህ ባለው ደረጃ የሚወዳደር ሰው የሚነዳት ብስክሌት የቡድኑ ናት። ዓይነቷን የሚመርጠው ስፖንሰሩ ነው፤ ማታ ማታ የሚያጥባት መካኒክ ነው፤ ለከርሞ ደግሞ ሌላ ትመጣለች። አንተ ግን መራጩም፣ አጣቢውም፣ ነጂውም ራስህ ነህ። እንደ እኔ ግምት ከእነሱ የምትበልጥበት ነገር ቢኖር ይኸው አንዱ ነው፤ በአግባቡ ተጠቀምበት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከማንኛውም ጌጥ በፊት ብስክሌቷን በሰውነትህ ልክ አድርጋት። ጫማህን አውልቀህ ጀርባህን ለግድግዳ ስጥ፤ በጭኖችህ መሐል ጠንካራ መጽሐፍ ወደ ላይ ጠበቅ አድርገህ ያዝና ከወለሉ እስከ መጽሐፉ አናት ያለውን ለካ። ያገኘኸውን በ0.883 አባዛው። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣልሃል። የፔዳሉ ክንዶች ከሚዞሩበት ዘንግ መሐል አንስቶ እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት በግምት ያ ነው። ስሌቱን ያስፋፉት አሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድና አሠልጣኙ ሲሪል ጊማር ናቸው። መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ጉልበትህን ከፊት ካመመህ ኮርቻውን ትንሽ ከፍ፣ ከኋላ ካመመህ ዝቅ አድርገው፤ ስታስተካክልም በሚሊ ሜትር ይሁን። ይህ ማጋነን ከመሰለህ ቤልጂየማዊውን ኤዲ መርክስን አስብ። አምስት ጊዜ ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው መርክስ በ1969 ብሎዋ ላይ ክፉኛ ከወደቀ በኋላ ሰውነቱ እንደ ቀድሞው አልሆን አለው። ከዚያ ወዲያ ቁልፍ በኪሱ ይዞ የሚነዳ፣ ውድድር ላይ እያለ ሳይቀር ኮርቻውን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ሆነ። በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሰው በኮርቻ ቁመት እንዲህ ከተጨነቀ፣ አንተ ከሱቅ በወጣችበት ልክ እየነዳህ «ወገቤን» ብትለኝ አልሰማህም።

ማርሹን በተመለከተ ጓደኞችህን አትስማቸው። ፊት ላይ ትልልቅ ጥርስ ማሰር የወንድነት ምልክት ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ ሜዳ አይደለችም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ሳንባህ የሚሠራው። ከፊት ትንሹ 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 32 ወይም 34 ይሁንልህ። ቱር ደ ፍራንስ እስከ 1937 ድረስ ማርሽ መቀየሪያን ከልክሎ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ዳገት ሲደርሱ ወርደው የኋላ ጎማቸውን ፈትተው እየገለበጡ ይገጥሙ ነበር። የዚያ ዘመን ሰዎች የአሁኑን ማርሽ ቢያገኙ ተደስተው ይሞቱ ነበር እንጂ አይንቁትም ነበር።

ስለ ካቴና ብዙ እላለሁ፣ ታገሠኝ። ኮርሳ የምትሞተው በካቴናዋ ነው። አንዳንድ ሰው ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ያፈስባታል። ነገሩ መልካም ይመስላል፤ ድምፅዋ ጸጥ ይላል። ግን ያ ዘይት ከሞተር ውስጥ የብረት ብናኝ ይዞ የመጣ ነው፤ የመንገድ አቧራ ሲጨመርበት ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። አንተ በላምባ እጠባት፣ በጨርቅ አድርቃት፣ ከዚያ ለካቴና የተሠራውን ዘይት በየመገጣጠሚያው አንዳንድ ጠብታ አድርግ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ጥቂት አዙርና ከላይ የቀረውን ዘይት ሁሉ ጠርገህ አውጣ። ዘይቱ የሚፈለገው ውስጥ ነው፤ ውጭ የሚቀረው አቧራ መሰብሰቢያ ነው። ብስክሌትህ ባለ ዲስክ ፍሬን ከሆነች ደግሞ ዲስኩ ላይ አንዲት ጠብታ እንዳታርፍ፤ ሸራው አንዴ ዘይት ከጠጣ መጣል ነው ያለው።

ካቴና ትረዝማለች። በእርግጥ ብረቱ አይሳብም፤ መገጣጠሚያዎቹ ይበላሉ። አዲስ ካቴና ላይ ከአንድ ፒን ተነስተህ 24 መገጣጠሚያ ብትቆጥር ርቀቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.3 ገደማ ከደረሰ ለውጣት። ችላ ብለህ 308 ካደረስካት የኋላ ማርሹን ጥርስ በራሷ ልክ ትበላዋለች፤ ያኔ አዲስ ካቴና ብታስገባ እንኳ ትዘላለች፣ ሁለቱንም ትገዛለህ። ዕቃው እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እየተለመነ በሻንጣ ነው የሚገባው። ለካቴና አንድ ጊዜ መለመን ይቀላል፣ ለማርሽ ግን ዘመዱም ይሰለቻል። ክረምት ላይ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው አሸዋ ይዞ ስለሚመጣ ይህን ሁሉ በየሳምንቱ አድርገው፤ በበጋ ልትዘገይ ትችላለህ። የፍሬኑንም ሸራ በዚያው እየው፤ ከእንጦጦ ስትወርድ እንዳለቀ ብታውቅ ምን ይጠቅምሃል?

ጎማ መለጠፍ፣ ካቴና ማገናኘት፣ የማርሽ ሽቦ መቀየር በእጅህ ይሁን። መንገድ ዳር የሚሠሩትን ልጆች እያጣጣልኩ አይደለም፤ የተጣመመ ቸርኬ በዓይናቸው ብቻ የሚያቃኑ አሉ፣ እኔም እወስድላቸዋለሁ። ነገር ግን ሱሉልታን አልፈህ፣ ሰው በሌለበት፣ ካቴናህ ብትበጠስ ማን ይደርስልሃል?

ፈረንሳዊው ዩጂን ክሪስቶፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። በ1913 ቱር ደ ፍራንስ ከባዮን ወደ ሉሾን በሚወስደው ዙር፣ ቱርማሌ የሚባለውን ተራራ ሲወርድ የፊት ሹካው ተሰበረ። የዚያ ዘመን ሕግ ጨካኝ ነበር፤ ተወዳዳሪ ማንም ሳይረዳው ራሱ መጠገን አለበት። ክሪስቶፍ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን የምትባል መንደር ደረሰ። አንጥረኛ ቤት አገኘ። በልጅነቱ የቁልፍ ሠሪ ሙያ ተምሮ ነበርና ዳኞቹ ቆመው እያዩት ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ሹካውን ገጠመ። ሰዓታት ነጎዱ፤ ውድድሩን የማሸነፍ ተስፋውም አብሮ ሄደ። ዳኞቹ ይህም አልበቃ ብሏቸው አንድ ትንሽ ልጅ ወናፉን ስለነፋለት ተጨማሪ ቅጣት ጣሉበት። ያን ዓመት ያሸነፈው ፊሊፕ ቲስ ነው። ክሪስቶፍ በ1919 ቢጫውን ማልያ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰ ሰው ሆነ፤ በዚያም ውድድር ማልያውን ለብሶ እየመራ ሳለ ሹካው እንደገና ተሰበረ። ቱርን ሳያሸንፍ ኖሮ ሞተ። ይኸው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ እሱ እያወራን ነው፤ ስለ ቲስ ስንት ሰው ያወራል?

ማሻሻል ስትፈልግ (መፈለግህ አይቀርም) ገንዘብህ መንገድ ከሚነካው ጀምሮ ወደ ላይ ይውጣ። ጥሩ ጎማ ከሁሉ ይቀድማል። ቀድሞ 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ጎማ እንደ ድንጋይ አድርገው ይነፉት ነበር፤ አሁን ታላላቆቹ እንኳ 28 እና ከዚያ በላይ ያስራሉ። ፍሬምህ ከፈቀደልህ አንተም እንዲሁ፤ የእኛ አስፋልት ለቀጭን ጎማ አልተፈጠረም። ቀጥሎ ኮርቻ፣ ቀጥሎ የመሪው ጥቅል። ክብደት መቀነስ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከ2000 ጀምሮ ለውድድር ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክብደት 6.8 ኪሎ ነው፤ መርክስ ግን በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳባት፣ ኤርኔስቶ ኮልናጎ የሠራለት የብረት ብስክሌት ከ6 ኪሎ በታች ነበረች። ስለዚህ 200 ግራም ለመቀነስ የወር ደመወዝህን ልትከፍል ስትል፣ መጀመሪያ ውኃ መያዣህን ግማሽ አድርገህ ዳገቱን ሞክረው።

ያገለገለ ካርቦን በጨለማ አትግዛ። ብረት ሲታመም ይጣመማል፣ ታየዋለህ፤ ካርቦን ግን ስንጥቁን ቀለም ሥር ደብቆ ሊቆይ ይችላል። ፀሐይ ላይ አውጥተህ የመሪው አንገት፣ የፔዳሉ ዘንግና የኮርቻው መጋጠሚያ አካባቢ በጥፍርህ እየዳሰስክ እየው። ቡሎን ስታጠብቅም በክንድህ ጉልበት አትመካ፤ መጠኑ እዚያው ላይ ተጽፏል፣ ብዙውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ የሚለካ ቁልፍ ከሌለህ ካለው ተዋስ። ፍሬሙ ካርቦን ካልሆነና የኮርቻው ዘንግ አሉሚኒየም ከሆነ ግሪስ ቀብተህ አስገባው፤ ደርቆ ከፍሬሙ ጋር የተጣበቀ ዘንግ በመጋዝ ሲወጣ አይቻለሁ።

ስለ ቤትህ አንድ ነገር ብቻ። ልታገባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ብስክሌቷን ሳሎን አታስገባ፤ ብታስገባም አስፈቅደህ። ዋጋዋን አትዋሽ። እሑድ ማለዳ ከነዳህ ከሰዓት ለቤትህ ሁን። ካቴና እያጠብክ ሦስት ሰዓት ከፈጀህ ደግሞ ሥራ መሆኑ ቀርቶ ሽሽት ሆኗልና ተነሥ።

የሰፈር ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ አንዴ ልሞክራት» ሲልህ ምን ታደርጋለህ? ብዙ ባለ ኮርሳ እዚህ ላይ ይጨክናል። አንተ ስጠው። ወድቆ ይጭራት ይሆናል፤ ጭረት በቀለም ይጠፋል። ኮርቻውን ግን ለእሱ ልክ ዝቅ ማድረግህ ስለማይቀር፣ ከመስጠትህ በፊት በኮርቻው ዘንግ ላይ፣ ከፍሬሙ አፍ ትክክል፣ ቀጭን መስመር በማርከር አስምር። ልጁ ሲመልስልህ እስከዚያ መስመር ድረስ መልሰህ ትስበዋለህ፣ ቡሎኑን ታጠብቃለህ።